ከባድ ድባቴ ላለበት ሰው የትኛው የኢነርጂ ፈውስ ይሻላል? ሬኪ፣ ታፒንግ፣ አኩፓንክቸርና ቺጎንግ ሲነጻጸሩ

ከባድ ድባቴ የያዘውን ሰው የሚያስታምም ቤተሰብ ምክር አይጎድለውም። አንዱ «ሐኪም ካዘዘው ውጪ ምንም እንዳትነኩ» ይላል፤ ሌላው ሬኪ፣ ታፒንግ፣ ቻክራ (በሰውነት ውስጥ አሉ የሚባሉ የኃይል ማዕከላት)፣ የድምፅ ፈውስ እያለ ይደረድራል። ይህ መመሪያ «ሕክምናውን እንደያዘ በጎን አንድ ነገር ብንጨምርለት የትኛው ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የተጻፈ ነው።

መልሳችንን ከወዲሁ እንናገር። ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱም ቢሆን ብቻውን ከባድ ድባቴን አያድንም። በሰውነት ዙሪያ አለ የሚባለውን የኃይል መስክም እስካሁን በመሣሪያ ለክቶ ያሳየ የለም። ቢሆንም የታመመን ሰው ለጥቂት ጊዜ የሚያረጋጋ፣ ትንፋሹን የሚያዘገይ፣ ከአልጋው የሚያስነሳ ነገር ሁሉ ይጠቅማል። ስለዚህ ዘዴዎቹን የመዘንናቸው በሦስት ጥያቄ ነው፦ ከሕክምናው ያርቀዋል ወይ? አሁን ከሌለው አቅም ይጠይቀዋል ወይ? ባይሠራለት ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ እንዲሰማው ያደርገዋል ወይ?

በዚህ ሚዛን ቀላል እንቅስቃሴና ዘገምተኛ ትንፋሽ (ሁለቱን የሚያጣምረውን የቻይና ልምምድ ቺጎንግን ጨምሮ) ከሁሉ ይቀድማሉ። ፈቃድ ባለው ባለሙያ የሚሰጥ አኩፓንክቸር (ሰውነትን በቀጫጭን መርፌ መውጋት) ይከተላል። ሬኪ ጠቃሚ የሚሆነው አሠራሩ ለታማሚው ከተስተካከለለት ነው። ታፒንግ ድንገት ለሚነሳ ጭንቀት እንጂ ለድባቴው ራሱ ብዙም አይመከርም። ፈጣንና ኃይለኛ የትንፋሽ ልምምድ፣ ለቀናት የሚዘልቅ የዝምታ ቆይታ እና መድኃኒት እንዲቆም የሚጠይቅ ማንኛውም «ፈዋሽ» ግን ከዝርዝሩ ይውጡ።

መጀመሪያ፣ በሽታው የት ደረጃ ላይ ነው?

ድባቴ የሚባለው ከሁለት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ሲታዩ ነው። ከአምስቱ አንዱ የግድ ያዘነ ስሜት ወይም ደስ ይል የነበረውን ነገር ሁሉ መጥላት መሆን አለበት። የቀሩት የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት ለውጥ፣ ድካም፣ ትኩረት ማጣት፣ ራስን መውቀስ፣ የእንቅስቃሴ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ ሞትን ማሰብ ናቸው። ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ እነዚህኑ ዘጠኙን እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 3 ያስቆጥራል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይሄዳል። ከ15 እስከ 19 ከመካከለኛ የበለጠ፣ 20ና ከዚያ በላይ ከባድ ድባቴን ያመለክታል። መጠይቁ መለኪያ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ምርመራውን የሚያደርገው ባለሙያ ነው።

ድምሩ ምንም ይሁን፣ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ከ0 ሌላ ቁጥር ከተመለከተ ቆም ይበሉ። ጥያቄው ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ነው። ቀጥታ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? እንዴት እንደምታደርገው አስበሃል? ዛሬስ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርበትም። ብዙ ሰው ጠያቂ በማግኘቱ ይቀለዋል። ዕቅድ ካለው፣ ቀን ከቆረጠ፣ ዕቃውን ማከፋፈል ወይም ሰው መሰናበት ከጀመረ፣ ዛሬ ስለ ሬኪ የሚወራበት ቀን አይደለም። ብቻውን አይተዉት፤ ቤት ውስጥ የተከማቸ መድኃኒትና ሊጎዳበት የሚችል ነገር ሁሉ ከእጁ ይራቅ፤ በአቅራቢያ ወዳለ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት።

ዘዴ ከመምረጥ በፊት መጣራት ያለባቸው ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ድምፅ መስማት ወይም ከእውነት የራቀ እምነት ነው፤ «ውስጤ በስብሷል»፣ «ለዚህ ሁሉ ሰው መከራ ምክንያቱ እኔ ነኝ» የሚል ሰው ላይ ስለማይታይ ኃይልና ስለ ተዘጋ ቻክራ ማውራት እምነቱን ማጠንከር ነው። ሁለተኛው ባይፖላር፣ ስሜት በድባቴና ከልክ ባለፈ መነቃቃት መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም፣ ነው። ከዚህ በፊት ያለ እንቅልፍ ለቀናት የበረታበት፣ ገንዘብ የበተነበት፣ ንግግሩ የፈጠነበት ጊዜ ከነበረ ለሐኪሙ ሳይነገር ምንም ዓይነት የሚያነቃቃ ልምምድ አይጀመር።

ከምን ጎን ነው የሚጨመረው?

«በጎን» ስንል ዋናው መኖር አለበት። ዋናው ፀረ-ድባቴ መድኃኒት፣ የንግግር ሕክምና፣ በጣም ሲከብድ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሕክምና (ኢሲቲ) ነው። መድኃኒቱ ለውጥ ማሳየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን ሙሉ ውጤቱን ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ታማሚዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምርባቸው ስለሚችል የቅርብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ከተሻለው በኋላም መድኃኒቱ ቢያንስ ለ6 ወር ይቀጥላል፤ በድንገት ማቋረጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣትና መነጫነጭ ሊያስከትል ይችላል። የንግግር ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ኢሲቲ በማደንዘዣ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በአጠቃላይ ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይሰጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ለሕይወት በሚያሰጋ ድባቴ ላይ ካሉት ሁሉ ጠንካራው ሕክምና እሱ ነው።

እዚህ ጋ ከሁሉ የሚበልጠውን ስህተት እናሳይ። መድኃኒቱና ሬኪው በአንድ ሳምንት ይጀመራሉ። በአምስተኛው ሳምንት ሰውየው ይሻለዋል፤ ለመድኃኒቱ ይህ ትክክለኛ ጊዜው ነው። ግን ክኒኑ በየጠዋቱ ዝም ብሎ የሚዋጥ ነገር ነው፤ የሬኪው ሰዓት ግን ሙቀት አለው፣ ሰው አለው፣ ይታወሳል። ስለዚህ ምስጋናው ወደ ሬኪው ይሄዳል፣ ክኒኑ ይተዋል፣ ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ቤተሰቡም «ሬኪውን ስላቆምን ነው» ብሎ ይደመድማል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አይጀምሩ። መድኃኒቱ በተጀመረ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት የሚጨመር ዘዴ ቢያንስ ቀኑ ተለይቶ ይታወቃል። ያንን መታገሥ ካልተቻለ ሁለቱም የተጀመሩበት ቀን በወረቀት ይጻፍ፤ መድኃኒትን የማቆም ውሳኔ ደግሞ የሐኪሙ ብቻ ይሁን።

ሬኪ

ሬኪ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1922 በሚካኦ ኡሱይ የተጀመረ ነው። ታማሚው ልብሱን እንደለበሰ ይጋደማል፤ ባለሙያው እጆቹን ከራስ ጀምሮ በአሥራ ሁለት ያህል ቦታዎች ላይ፣ በእያንዳንዱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ያሳርፋል ወይም ጥቂት ከፍ አድርጎ ይዘረጋል። አንዱ ቀጠሮ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል። ማሸት የለም፣ መጫን የለም።

ማስረጃው ስስ ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለድባቴና ለጭንቀት የተደረጉ ብቁ ጥናቶች ሦስት ብቻ፣ ተሳታፊዎቻቸውም 124 ሰዎች ሆነው አግኝቷቸዋል፤ ይሠራል ወይም አይሠራም ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል። ሰዎች ከቀጠሮው ሲወጡ ቀለል ብሏቸው መውጣታቸው ግን እውነት ነው፤ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ምንም የማይጠይቅ ሰው፣ የእጅ ሙቀት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ ትኩረት። ድባቴ ሰውን ከሰው ስለሚነጥል ይህ እንደ ትንሽ ነገር አይቆጠርም።

ችግሩ የተለመደው አሠራር ለከባድ ድባቴ አለመመቸቱ ነው። ከባድ ድባቴ ካለበት ሰው ዋና ሥቃዮች አንዱ ማብሰልሰል ነው፤ አንድ ዓይነት ክፉ ሐሳብ ሲያመላልስ መዋል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጸጥታ፣ 90 ደቂቃ ተጋድሞ መቆየት ለማብሰልሰል የተመቸ ቦታ ነው። ጠንካራ ሰው «ተዝናናሁ» ብሎ ሲወጣ እሱ ከገባበት ይልቅ ከብዶት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያውን እንዲህ ብለው አስቀድመው ይጠይቁት፦

- ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ፣ ቢቻል ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ዓይን ገልጦ።
- እጅ ትከሻ ላይ፣ ጀርባ ላይና እግር ላይ ብቻ። ጉሮሮ፣ ደረትና የታችኛው ሆድ ይዘለሉ። ያለፈ ጥቃት የደረሰበት ሰው በእነዚህ ቦታዎች ሲነካ ሊደነግጥ ይችላል፤ ታሪኩን ባለሙያው ላያውቀው ይችላል።
- በየአምስት ደቂቃው አጭር ቃል፦ «አሁን እጄን ወደ ጀርባህ አወርዳለሁ።» ድምፁ ሐሳቡን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል።
- ታማሚው እጁን ሲያነሳ፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ ያበቃል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ብዙዎች ጠዋት ላይ ይብስባቸዋል፤ በጠዋት ቀጠሮ መያዝ ቀጠሮውን ማስቀረት ነው። ምሽት ሲቃረብ ከሆነ ደግሞ እዚያው እንቅልፍ ይወስደውና የሌሊቱ ይበላሻል። ከቀትር በኋላ ገና በጊዜ ይመረጣል።

የሬኪ ሥልጠና ሦስት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠናቀቃል። «ማስተር» የሚለው ማዕረግ ስለ አእምሮ ሕመም የተማረ ነው ማለት አይደለም። የሚፈለገው ሰው ወሰኑን የሚያውቅ ነው፤ «ራስን የማጥፋት ሐሳብ ቢነግርህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ለቤተሰቡ ደውዬ ወደ ሐኪም እልካለሁ» የሚል።

«ቴራፒዩቲክ ተች» የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ በዶሎረስ ክሪገርና በዶራ ኩንዝ የተጀመረ፣ እጅ ሳያሳርፉ ከሰውነት ከፍ አድርጎ በማንቀሳቀስ የሚሠራ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የኤሚሊ ሮዛ ሙከራ 21 ባለሙያዎችን እጃቸውን ከመጋረጃ ጀርባ አውጥተው የሮዛ እጅ ከየትኛው እጃቸው በላይ እንዳለ እንዲለዩ ጠየቀ። ከ280 ሙከራ 123ቱን ብቻ አወቁ፤ በግምት ከሚገኘው ያነሰ ነው። ሮዛ ሙከራውን ስትሠራ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። መነካት ለማይፈልግ ታማሚ ዘዴው ከሬኪ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ውጪ ለመምረጥ የሚያበቃ ነገር አላየንበትም።

ታፒንግ

ታፒንግ ወይም ኢኤፍቲ በጋሪ ክሬግ በ1990ዎቹ የተዘጋጀ ነው። ሰውየው የሚያስጨንቀውን ነገር ከ0 እስከ 10 ይመዝናል፤ ከትንሿ ጣት በታች ያለውን የመዳፍ ጠርዝ መታ መታ እያደረገ አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ይላል፤ ከዚያ በሁለት ጣት ሰባት ሰባት ጊዜ ያህል ከቅንድብ መነሻ፣ ከዓይን ጠርዝ፣ ከዓይን ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር፣ ከአገጭ፣ ከአንገት አጥንት ሥር፣ ከብብት በታች አንድ መዳፍ ያህል ወርዶ፣ በመጨረሻም ከአናት ላይ ይመታል። ከዚያ እንደገና ይመዝናል። አንድ ዙር ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ባለሙያም አይፈልግም። ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

ነጥቦቹ ልዩ መሆናቸው ግን አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ፍርሃት ያለባቸውን ሰዎች ከፋፍሎ አንዱን ቡድን በትክክለኞቹ ነጥቦች፣ ሌላውን በክንድ ላይ ባሉ የዘፈቀደ ነጥቦች፣ ሦስተኛውን አሻንጉሊት ላይ እንዲመቱ አደረገ። የሦስቱም ፍርሃት ቀነሰ፤ ምንም ያልመታው አራተኛው ቡድን ግን አልተለወጠም። ሥራውን የሚሠራው ምቱና ትኩረቱ፣ አስጨናቂውን ነገር በስሙ መጥራትና መመዘኑ ይመስላል።

ለከባድ ድባቴ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩ ላይ ይሰናከላል። የተለመደው «ይህ ቢኖርብኝም ራሴን ሙሉ በሙሉ እወዳለሁ፣ እቀበላለሁ» የሚል ነው። ራሱን እንደ ከንቱ የሚያይ ሰው ይህን ሦስት ጊዜ ሲደግም ውስጡ «ውሸት» ይላል፤ ለራሱ ዝቅተኛ ግምት ያለው ሰው እንዲህ ያለ የራስ ማወደሻ ሲደግም ስሜቱ ይበልጥ ሊወርድ እንደሚችል ጥናቶችም አሳይተዋል። በምትኩ እውነት የሆነ ነገር ይባል፦ «አሁን ደረቴን ይጫነኛል። እዚህ ወንበር ላይ ነኝ። እግሬ መሬት ነክቷል።» ሁለት ዙር ይበቃል። ያለፈ አስደንጋጭ ገጠመኝን በታፒንግ መቆፈር ደግሞ ያለ ሥነ ልቦና ባለሙያ አይሞከር፤ የተከፈተውን መዝጋት የሚችል ሰው ሊኖር ይገባል።

አኩፓንክቸር

«ቺ» የሚባለው ኃይል በመስመሮች ይፈሳል ከሚል ጥንታዊ የቻይና ሐሳብ ስለተነሳ ከኢነርጂ ዘዴዎች ጋር ይቆጠራል፤ በማስረጃ ግን ከሁሉም የተሻለ የተጠና ነው። ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2018 ያየው 64 ጥናቶችን፣ 7,104 ሰዎችን ነበር። አኩፓንክቸር የድባቴን ክብደት በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል፣ ግን የጥናቶቹ ጥራት አነስተኛ እንደሆነ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ የታተመ፣ 755 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከተለመደው ሕክምና ጎን እስከ 12 ሳምንታዊ ቀጠሮ ጨምሮላቸው ነበር፤ አኩፓንክቸር የተጨመረላቸውም፣ ምክክር የተጨመረላቸውም በሦስተኛው ወር ላይ ሕክምናው ብቻ ከነበራቸው የተሻሉ ሆነዋል። ምክክሩ ተቀራራቢ ውጤት ማምጣቱን ልብ ይበሉ፤ ሁለቱንም ማግኘት የሚችል ሰው ምክክሩን ያስቀድም ባይ ነን። ሚዛኑ ወደ መርፌው የሚያደላው ለመናገር አቅም ላጣ ሰው ነው፤ አኩፓንክቸር ንግግር አይጠይቅም።

መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ ከታሸገ ወረቀት ፊትዎ የሚወጣ መሆን አለበት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ አንዳንድ ፀረ-ድባቴ መድኃኒቶችም ደም መፍሰስን በጥቂቱ ስለሚያባብሱ ስማቸው ይነገር። ደረት ላይ በጥልቀት የሚገባ መርፌ አልፎ አልፎ ሳንባን ሊበሳ ይችላል፤ ለድባቴ ደግሞ የግድ አያስፈልግም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ራስን መሳት ነው። ከባድ ድባቴ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሳይበላ ይውላል፣ አንዳንዱ መድኃኒትም ሲነሱ የደም ግፊትን ይጥላል። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሁለት ሰዓት ውስጥ ጥቂት ይብላ፣ ውኃ ይጠጣ፤ ተጋድሞ ይወጋ፤ ሲያበቃ ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ ይነሳ።

ትንፋሽና ቺጎንግ

ለምን አንደኛ እንዳደረግነው እናስረዳ። ሬኪም አኩፓንክቸርም ታማሚውን ተቀባይ ያደርጉታል። ቺጎንግ ግን በጣም ትንሽም ቢሆን አድራጊ ያደርገዋል፤ ድባቴ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚነጥቀው ማድረግን ነው። «ስሜቱ ሲመጣ እነሳለሁ» ለሚል ሰው ስሜቱ አይመጣም፤ ተነስቶ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ነው ስሜቱ ዘግይቶ የሚከተለው። በንግግር ሕክምና ውስጥ ከተፈተኑት ዘዴዎች አንዱ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ 218 ጥናቶችንና 14,170 ሰዎችን ያካተተ ግምገማም እርምጃ ወይም ሩጫ፣ ዮጋና የጡንቻ ማጠንከሪያ ድባቴን ለማቅለል ከሚረዱት ግንባር ቀደም መሆናቸውን አሳይቷል።

ግን «ስፖርት ሥራ» ማለት አይሠራም። ፊቱን መታጠብ ተራራ ለሆነበት ሰው ግማሽ ሰዓት መንቀሳቀስ የማይደረስበት ነገር ነው፤ ያቅተዋል፣ አለመቻሉም ሌላ የራስ መውቀሻ ይሆናል። እንዲህ ይጀመር።

አጠገቡ ይቀመጡ፤ አልጋው ጠርዝ ላይም ይሁን። እግር መሬት ይንካ። በአፍንጫ ለ4 ሰከንድ ይሳብ፣ ለ6 ሰከንድ ቀስ ተብሎ ይውጣ፤ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። እርስዎም አብረው ይተንፍሱ እንጂ «ተንፍስ» እያሉ አይዘዙት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ከንፈሩን ወይም ጣቱን ከነዘረው ወይም ካዞረው ከልክ በላይ በጥልቀት እየሳበ ነው፤ ከደሙ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዝቷል። መፍትሔው ትንፋሹን ማሳነስ ነው፤ ዝግታው ይቆይ፣ መጠኑ ግን እንደ ተራ ትንፋሽ ይሁን።

ከሳምንት በኋላ እጅ ይጨመርበት፦ ሲስብ ሁለቱ መዳፎች ወደ ላይ ዞረው ከእምብርት እስከ ደረት ቀስ ብለው ይነሱ፣ ሲያስወጣ መዳፎቹ ተገልብጠው ይውረዱ። ስምንት ጊዜ። ሲችል ቆሞ፣ ጉልበት ጥቂት ታጥፎ። በሦስተኛው ሳምንት መስኮት ጋ ወይም በር ላይ፣ በቀን ብርሃን። ከዚያ አሥር ደቂቃ እርምጃ። አንድ ቀን ቢቀር ወደኋላ ተመልሶ ከሁለት ደቂቃው ይጀመር፤ «ትናንት አቋረጥክ» የሚል ቃል ከአፍዎ አይውጣ።

ከዚህ ዘገምተኛ ትንፋሽ ጋር መምታታት የሌለበት ፈጣንና ኃይለኛ ትንፋሽ የሚያሠሩት ልምምዶች ናቸው፤ ሆሎትሮፒክ የሚባለውን ጨምሮ። ባይፖላር፣ ከእውነታ መለየት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆኑም። በጋለ ክፍል የሚሠራ ዮጋ ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው፤ ብዙ ላብ ሲወጣና ውኃ ሲጎድል በደም ውስጥ ያለው ሊቲየም ይጨምራል፣ ይመርዛል። የአሥር ቀን ዝምታም ለጤነኛ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ከባድ ድባቴ ላለበት ግን ከሰው መነጠልንና ማብሰልሰልን በአንድ ላይ መስጠት ነው።

የቀሩት ባጭሩ

ክሪስታል ድንጋይ፣ የድምፅ ሳህን፣ ቻክራ ማስተካከል፦ ደስ ካለውና ለአጭር ጊዜ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ለድባቴ የሚያበቃ ማስረጃም የለውም። የርቀት ፈውስ ደግሞ የሰው መገኘት እንኳ የለበትም፤ ከሬኪ የምንወድለት ነገር በሙሉ የጎደለበት ስለሆነ አንመክረውም።

ፈዋሾች በጎን የሚሰጡት ዕፅ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ሴንት ጆንስ ዎርት ከፀረ-ድባቴ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ከልክ በላይ ሊያበዛ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና መቃዠት ምልክቶቹ ናቸው፣ አስቸኳይ ሕክምናም ያስፈልገዋል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን፣ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪንንና የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ያዳክማል። 5-ኤችቲፒ የሚባለው ማሟያም ከፀረ-ድባቴ ጋር ያው አደጋ አለው። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ከእነዚህ ከአንዱም አያድንም።

ፈቃዱንና ባለሙያውን መመዘን

ከባድ ድባቴ ያለበት ሰው እንቢ ለማለት አቅም ስለሌለው ብዙ ጊዜ «እሺ» ይላል። ያ እሺታ ፈቃድ አይደለም። ሁለት ምርጫና አንድ መውጫ ይስጡት፦ «ትንፋሹን አብረን እንሞክር፣ ሬኪ ቀጠሮ ልያዝልህ፣ ወይስ ለአሁኑ ይቅር?» ነገም ይድገሙለት። «ይቅር» ሲል ፊትዎ ካልተለወጠ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ይናገራል።

ከባለሙያው አፍ አንዱ ቢወጣ ጥለው ይውጡ፦ «መድኃኒቱ ኃይሉን ይዘጋዋል»፣ «ያላመነ አይፈወስም»፣ «ሕመሙን ራስህ ስበኸው ነው»፣ «እየባሰ ከመጣ እየወጣ ነው ማለት ነው»። የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል። በከባድ ድባቴ መባስ ማለት መባስ ነው፤ ለሐኪም ይነገራል። ክፍያም በየቀጠሮው እንጂ በጥቅል አስቀድሞ አይሁን፤ የከፈለ ሰው ባይጠቅመውም ይቀጥላል።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ጣል እናድርግ፦ ቤት ውስጥ ሬኪ ወይም ቺጎንግ በቶሎ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ አስታማሚውን ነው። ሌሊቱን ሙሉ የትንፋሽ ድምፅ ሲያዳምጥ የሚያድር ሰው የእረፍት ሰዓት ቢያገኝ ለሁለቱም ይበጃል።

የአራት ሳምንት ሙከራ

አንድ ዘዴ ብቻ ይምረጡ። ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ፒኤችኪው-9 ይሞላ፤ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ። በየቀኑ ደግሞ ሦስት ነገር በአንድ መስመር ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ጊዜ በላ፣ ከክፍሉ ወጣ ወይስ አልወጣም። ታማሚው ራሱ መጻፍ ካቃተው እርስዎ ይጻፉለት፤ የመጠይቁን መልስ ግን እሱ ይናገር። የአምስት ነጥብ ለውጥ ከልብ የሚወሰድ ለውጥ ነው። ድምሩ በአምስት ከጨመረ፣ ወይም ዘጠነኛው ጥያቄ ከ0 ከተነሳ፣ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይደወል።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ምንም ካልተለወጠ ዘዴው ይቁም፤ ለታማሚውም «ይህ ዘዴ አልሠራም» ይባል እንጂ «አንተ ላይ አልሠራም» አይባል። ወረቀቱን ለሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ ይዘው ይሂዱ፤ የተሞከረው ዘዴ፣ የተወሰደ ዕፅ ካለም እሱ፣ ሁሉም ይነገር። መድኃኒቱ በበቂ መጠን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተወስዶ ለውጥ ካላሳየ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ማድረግን፣ መለወጥን ወይም ሌላ መጨመርን ያስባል፤ ያንን ለመወሰን በየቀኑ የተጻፉት መስመሮች ይረዱታል።